ውሃ አጠጪኝ

"የለችም በያት!" አሉ ሲስተር ኮቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው፣ በሹክሹክታ፣ ግን እንደ አለቃ። "ገበያ ሄዳለች በያት።"

"እማዬ፣ በዚህ እግርሽ ገበያ?" አለች ልጃቸው።

"ታዲያ ለቅሶ በያት! ውሸትም እኔው ላስተምርሽ?"

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ልጅቱ እየተነጫነጨች ሄደች።

ጉድ እኮ ነው! ሲስተር ኮቴ ዕድሜ ልካቸውን ከቤት ቤት እየዞሩ ሕፃን ሲከትቡ፣ አራስ ሲጠይቁ፣ ሳል የጠናበትን ሲያሳክሙ የኖሩ ነርስ ናቸው። አልጋ ሥር የገባ ወታደር አባብለው አውጥተዋል። ቁምሳጥን ውስጥ የቆመ መምህር ወግተዋል። "ኮቴ" ያሏቸውም የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የጫማቸው ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ መርፌ ፈርተው እግሬ አውጪኝ ይሉ ነበር። ዛሬ ተራው የሳቸው ሆነና ከአንዲት ፍሬ ልጅ ተደበቁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከግራ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ስኳር ያመጣው ቁስል አለ። በጨርቅ ጠቅልለው ደብቀውት ነበር፣ ሽታው አሳበቀባቸው እንጂ። ልጃቸው ጤና ጣቢያ ሄዳ ተናገረች፤ ዛሬ ነርስ ተላከች። እሳቸው ደግሞ ይህን ቁስል ያውቁታል። እንዲህ ያለ ቁስል ይዘው ሆስፒታል ገብተው፣ አንድ እግራቸውን እዚያው ትተው የተመለሱ ሰዎችን ስንቴ ጠይቀዋል! ያንን ሁሉ ሰፈር የዞሩባት እግር ከሄደች ምን ቀራቸው? ፈሩ። በቃ፣ ፈሩ።

"እናቴ የለችም፣ ለቅሶ ሄዳለች" ልጃቸው ስትል ሰሙ።

"ነፍስ ይማር" አለች ነርሷ። ቀጥላም፣ "ይቺ ጎኗ የተቀደደች ጫማ የማን ናት?"

ሲስተር ኮቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቁስሉን እንዳትነካባቸው ራሳቸው በመቀስ የቀደዷት የግራ ጫማ! ለስንቱ ተለማማጅ፣ "'የለም' ሲሉሽ መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ያለውን ጫማ እይ" ብለው ያስተማሩ ሴትዮ የራሳቸውን ጫማ ደጃፍ ጥለው ገቡ። ወይ እርጅና!

"የ... የኔ ናት" አለች ልጃቸው። እግሯ የዚያችን ጫማ እጥፍ ይሆናል።

ነርሷ አልሳቀችም፣ አልተከራከረችምም። ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል ተሰማ። "ፀሐዩ አናት ይበሳል" አለች። "እህቴ፣ እባክሽ ውሃ አጠጪኝ።"

ሲስተር ኮቴ መጋረጃውን ጨብጠው ቀሩ።

ሥራ የጀመሩ ቀን ትዝ አላቸው። አለቃቸው ግዙፍ፣ ሳቂታ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያው ቤት በር ፊታቸው ላይ ሲዘጋ ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ዘርፈጥ ብለው ውሃ ለመኑ። "ስሚ ልጄ" አሏቸው በሹክሹክታ፣ "መርፌ የያዘን ሰው ሁሉም ይፈራል። የጠማውን ግን ማን ይፈራል? ውሃ ጠይቂ። ከጠየቅሽ ደግሞ እስከ ጠብታው ጠጪ። ኩባያችንን ተጸየፈች ካሉ ያ በር ዳግም አይከፈትም።"

"ውሃው ያልፈላ ቢሆንስ?" ብለው ነበር ሲስተር ኮቴ፣ የዚያን ጊዜዋ ኮረዳ።

"አንቺ ትታመሚያለሽ፣ ሕፃኑ ይከተባል።"

ከዚያ በኋላ በየደጁ ጠጡ። ማታ ማታ ሆዳቸው እንደ ጀሪካን እየተንቦጫቦጨ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በሳቅ እየወደቁ ይመለሱ ነበር። ያ አቧራ፣ ያ ሳቅ፣ የሚያባርራቸው ውሻ ሳይቀር ናፈቃቸው። እንባቸው መጣ።

በመጋረጃው ጥግ አጮልቀው አዩ። ነርሷ ቀጭን ናት። ቦርሳዋን መሬት ሳታስነካ ጭኗ ላይ አቅፋለች። ልጃቸው ያመጣችላትን ብርጭቆ ውሃ ግማሽ አድርሳ ገታ አደረገች፣ በረጅሙ ተነፈሰች። ሲስተር ኮቴ ገባቸው፤ ልጅቷ ቅንጣት አልጠማትም። የስንት ቤት ውሃ ሆዷ ውስጥ አለ።

"አይዞሽ" አሉ በልባቸው፣ "እስከ ጠብታው።"

ጠጣችው። ብርጭቆውን ባዶውን መለሰችና አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

መጋረጃው ተገለጠ። "ዛሬ ስንት ቤት ጠጣሽ?" አሉ ሲስተር ኮቴ።

ነርሷ ደንግጣ ብድግ አለች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "ሆዴ ሊፈነዳ ነው፣ እማማ!"

"ማን አስተማረሽ?"

"አለቃዬ ናት። እሷም ከሌላ ሰው ነው የሰማችው። ማን እንደጀመረው እንጃ።"

ልጃቸው እናቷ ነርስ እንደነበሩ ልትናገር አፏን ከፈተች። ገላመጧት፣ ዘጋችው።

"እግሬን ትወስዱብኛላችሁ?" ሲሉ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ።

"አልዋሽዎትም፣ እማማ። ሳላየው አላውቅም። ግን ከነገ ዛሬ ይሻላል።"

ይህንንም እሳቸው ስንት ደጃፍ ላይ ብለውታል! ግድግዳውን ተደግፈው እያነከሱ ወጡና ደረጃው ላይ ከነርሷ ጎን ተቀመጡ። በሰው ደጃፍ ዕድሜያቸውን የተቀመጡ ሴት፣ በራሳቸው ደጃፍ እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

ነርሷ ጋዜጣ ዘርግታ ቦርሳዋን አሳረፈችበት፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። "እህቴ፣ ውሃ" አለች። "አሁን እንኳ ለእጄ ነው።"

ታጥባ እስክትጨርስ ሲስተር ኮቴ ጨርቁን ራሳቸው ፈቱ። ከዚያ እግራቸውን አንስተው ነርሷ ጉልበት ላይ አኖሩት።