ከሐይቁ ማዶ

እህቴ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ከሰጠመች ወዲህ እኔና ባሏ ዓይንና ናጫ ነን። እሷ የጀመረችውን የወፍ ቆጠራ ግን ማናችንም ለሌላው መተው አልፈለግንም። ዘወትር ቅዳሜ ማለዳ እኔ በአቅርቦ ማያ መነጽር እያየሁ ቁጥሩን እጠራለሁ፤ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይጽፋል።

«ዳክዬ፣ ዐሥራ አንድ» አልኩ።

ደብተሩ ላይ ጻፈ።

መነጽሩን ወደ ማዶ ሳዞር ሁለት ሰዎች አየሁ። የፊተኛው እንደኔው ቀይ ኮፍያ አድርጎ፣ በመነጽር ወደ እኔ ያያል። የኋለኛው ደብተር ይዞ ይጽፋል።

«ማዶ ያሉት እነማን ናቸው?»

«ማንም የለም። አርፈህ ወፍህን ቁጠር!»

የማዶው ጸሐፊ ደብተሩን ከደነ። ጎንበስ ብሎም በሁለት እጁ ድንጋይ አነሳ።

ከኋላዬ ደብተር ሲከደን ሰማሁ።