የቀኙ ዓምድ

የእንጅባራው ቢሮ ድረ ገጽ ቴምፕሌት ሁለት ዓምድ ነበረው፤ ግራው ለአማርኛ፣ ቀኙ ለአዊኛ። ቤዛዊት የአማርኛውን ጽሑፍ ለጠፈች። ቀኙ ባዶውን ቀረ።

«ሌላ ተርጓሚ እስክንቀጥር ባለ አንድ ዓምዱን ተጠቀሚ» አሏት ኃላፊዋ ከበሩ ላይ ሆነው፤ «ክፍት ቦታው ያስጠላል።»

«እሺ ጋሼ።»

ባለ አንዱን መረጠች። ቀኙ ጠፋ፤ አማርኛው ተለጥጦ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። አየችው፤ ምንም አልመሰላትም። ኃላፊዋ ሲሄዱ ግን ባለ ሁለቱን መለሰችው። የጽሑፉ ርእስ «የሐዘን መግለጫ» ይላል፤ ከሥሩ የተርጓሚው የይኸነው ፎቶ አለ። ሹራቡ አሁንም አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እንደ ሁልጊዜው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ይኸነው፣ ያንተ ጎን ቀርቷል» ብላ ጠበቀች።