ያልወረደው አውሮፕላን

መምህር ጌታሁን ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሥራቸው በድሮ የጦር ጽሑፎች ውስጥ የሙታንን ክርክር ማስታረቅ ሆነ። በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ሰማይ ላይ ስለተደረገው የአውሮፕላን ውጊያ እንግሊዞቹ «ሁለት ጣልን» ብለው ጽፈዋል። ጣሊያኖቹ ደግሞ «የወደቀብን አንድ ነው» ይላሉ። ሁለተኛው በሰላም አረፈ የሚል ግን ከሁለቱም ዘንድ አልተገኘም።

ይህንኑ ሊጠይቁ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የእማማ ሀብትነሽ መንደር ወረዱ። አሮጊቷ ሣር ላይ የተሰጣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ጎረቤቱም ሁሉ የየራሱን ለማስገባት ይጣደፋል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው።

«አንዱ ሲወድቅ አባቴ በዓይናቸው አይተዋል» አሉ ሀብትነሽ።

«ሁለተኛውስ እማማ?»

«እሱማ መች ወረደና። አሁን ቀትር ስለሆነ ጋቢዎን ያውልቁና ይግቡ። ነጭ ካየ ይመለሳል።»

ጋቢውን የፈተለችላቸው ሟች ሚስታቸው ናት። ከቀበሯት ወዲህ ከትከሻቸው ወርዶ አያውቅም።

«እንግዲህ ካልወረደ እኔም ልየው» አሉ በቀልድ።

ሀብትነሽ አልሳቁም። ገብተው በራቸውን ዘጉ። የመንደሩ በር ሁሉ ተራ በተራ ተዘጋና መምህሩ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሜዳው ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

የሞተር ድምፅ የሚባል አልነበረም። ክንፉን የዘረጋ ትልቅ ጥላ ብቻ ጤፉን እየጠረገ መጥቶ በላያቸው አለፈ። ቀና ሲሉ ሰማዩ ባዶ ነው።

ጥላው ከወንዙ ማዶ ሲደርስ ቀስ ብሎ ዞረ።