የምስክሩ ስም

ሎርና ልጇ ለሕክምና ትምህርት ቤት የሞላችውን ማመልከቻ ስታነብ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ውጤቱ ሁሉ ኤ ነው። ከትምህርት ውጭ የተሠራ ሥራ የሚሞላበት ቦታ ግን ከአንድ መስመር በቀር ባዶ ነበር፤ «የአልጋ ቁራኛ ማስታመም፣ ሁለት ሺህ ሰዓት» ይላል።

«ቴስ፣ በውሸት ከያዙሽ ዕድሜ ልክሽን ዶክተር አትሆኚም። ለመሆኑ ከዚህ ቤት መቼ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልወጣሁም» አለች ቴስ ፎጣ እያጠፈች።

«ታዲያ ማን ይመሰክርልሻል?»

«ዝቅ ብለሽ አንብቢው፣ እማ።»

በምስክር ቦታ የተጻፈው የሎርና የራሷ ስም ነበር። ከጎን ክፍል አልጋ የያዙት የሎርና እናት አቃሰቱ። ሎርና ልትነሳ ስትል ቴስ ፎጣውን ይዛ ቀደመቻት። በሩ ላይ አሮጊቷን ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላበጣቸው ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ከላይ እስከ ታች የቴስ ፊርማ ነው። ሎርና አንድ በአንድ አየችው።

«ዋሽተሻል» አለች ቀስ ብላ። «አሳንሰሽ ነው የጻፍሽው።»