የመስኮት መስታወት

ኦቦ ኩምሳ አንዲት ሙሽራ በሙቅ ውሃ አጥበው አጠፏት። ከነቬሏ፣ ከነሚዜዎቿ እንደ ወተት ስልባቦት ከመስታወቱ ላይ ተልጣ ባልዲው ውስጥ ገባች።

«ይኸው ጠራ!» አሉ መስታወቱን ወደ ብርሃን አንስተው።

«ለዶሮ ቤት ነው?» አለች ስንዱ።

«ለሻይ ቤቴ መስኮት ነው። ምላስሽ እንዴት ነው አንቺ! ፈልጊ ተብለሻል፣ ፈልጊ።»

ስንዱ ያጣችው መልስ ሳይሆን ጊዜ ነው። በመስታወት ነጌቲቭ ይሠራ የነበረው ፎቶ አንሺ ጥሩሰው ከሞተ ወዲህ የሰበታና የአካባቢዋ ሰው ሁሉ በየመስታወቱ ላይ እንደታተመ እዚህ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። አንዷ እናቷ ደጊቱ ናት፤ እሷን ወልዳ ዓመት ሳይሞላት የሞተችው። ቤት የነበረውን አንድ ፎቶዋን አይጥ ከፊቷ ጀምሮ በላው። ኦቦ ኩምሳ ፎቶ ቤቱን ገዝተው መስታወቱን እያጠቡ ነው ሲባል ትናንት ገበያ ላይ ሰምተው፣ ከአክስቷ ከተረፈች ጋር ከተጂ ሰበታ ድረስ በእግራቸው መጡ።

ተረፈች የፎቶ መነሻው ወንበር ላይ ተዘርፍጣ እግሯን ታሻለች። ከጀርባዋ በሸራ ላይ የተሳለ ባሕር ከነመርከቡ ተላልጦ ተንጠልጥሏል።

«ቶሎ በይ እንጂ። እኔ እንደሆንኩ በእግሬ አልመለስም፤ ይሄ መርከብ ይውሰደኝ።»

«በምን ልለያት?»

«ሐብል አድርጋለች። ትልቅ የወርቅ ሐብል።»

ስንዱ አንድ በአንድ እያነሳች ወደ በሩ ብርሃን አየች። ክንዷ ዝሏል። «አክስቴ፣ ሁሉም ያንኑ ሐብል አድርገዋል። የጥሩሰው ነው።»

«ተይ! እኛ እኮ ባሏ የገዛላት መስሎን…» አለች ተረፈች።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ውሃዬ ቀዘቀዘ» አሉ ኦቦ ኩምሳ። ከሣጥኑ አንዱን መዘው ወደ ባልዲው ሲሰዱ፣ ስንዱ ጥጉ ላይ በመርፌ የተጫረ ፊደል አየች። ሦስተኛ ክፍል ድረስ የተማረችው ለዚች ቀን ነበር መሰለኝ። ዘላ ክንዳቸውን ያዘች።

«ደ-ጊ-ቱ! ኦቦ ኩምሳ፣ በማርያም! ደጊቱ ይላል!»

ሰውየው መስታወቱን አዩ፣ የልጅቱን ጣቶች አዩ። «በይ ውሰጃት» አሉ በደከመ ድምፅ። «አንዱን ቀዳዳ በካርቶን እደፍነዋለሁ።»

ተረፈች እያቃሰተች ተነስታ መጣች። አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እሷ አይደለችም። ይቺ አሮጊት ናት። ፀጉሯ ነጭ አይደል?»

«መስታወት ላይ ጥቁሩ ነው ነጭ የሚሆነው፣ አክስቴ። ደህና አድርገሽ እያት።»

ተረፈች ተጠጋች። እጇ ሳታዝዘው ወደ ሻሿ ሄዶ ከሥሩ ያፈተለከውን ሽበት ነካ።

«ታናሼ እኮ ናት» አለች። «ቀደመችኝ።»

ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው። በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው እጇን አነሳች፤ ባልዲውን አየችና ተወችው።