ያልተሰረዘው ቀን

ልዑልሰገድ የቤቱ ኮምፒውተር ሞልቶ አልሠራ ቢለው ባለሙያ አስመጣ።

«ቦታ ያጣበበው የውጭው በር ካሜራ ቅጂ ነው» አለው ባለሙያው። «በድሮው ትንሽ ዲስክ አሮጌው ቅጂ በየሳምንቱ ይጠፋ ነበር። ካቻምና ያስገባችሁት ትልቅ ስለሆነ እስካሁን አንድም ቀን አልተሰረዘም።»

ልዑልሰገድ ደነገጠ። አምና የመርሳት ሕመም የያዛቸው አባቱ ከግቢ ወጥተው በዚያው ጠፍተዋል። በሩ ክፍት ሆኖ ተገኘ፤ መጨረሻ የወጣው ደግሞ እሱ ነበር። መቆለፉን እርግጠኛ ስላልነበር ለዘመድ ሁሉ «ያን ቀን ካሜራው አልሠራም» ብሎ ዋሸ። ሚስቱ ወይንሸት ብቻ «አንተ ምን አጠፋህ?» እያለች ታጽናናው ነበር።

ባለሙያውን ሸኝቶ፣ ወይንሸት ከገበያ ሳትመለስ ሊሰርዘው ያንን ቀን ከፈተ። ራሱን አየ። መኪናውን አስወጥቶ በሩን ቆለፈ፤ ገፋ አድርጎም መቆለፉን አረጋገጠ። እፎይ ከማለቱ ወይንሸት የአባቱን ክንድ ይዛ ብቅ አለች። በሩን በቁልፏ ከፈተች፤ ምርኩዛቸውን አስያዘቻቸውና ወደ አስፋልቱ ጠቁማ ሸኘቻቸው።

ጥቂት ቆማ አየቻቸው። ከዚያም በሩን ክፍቱን ትታ ወደ ቤት ገባች።