ጭስ የሌለው ቅዳሜ

አሮን ሳይለካ የሚያምነው ነገር የለም። ሶዶ ውስጥ የአፈር ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ሩዝ ሲቀቅል እንኳ ሰዓት ይይዛል።

ሚያዝያ ላይ የላካቸው ሽማግሌዎች ቢጠና ከተማ ወርደው ብሩክታይትን ለጋብቻ ጠየቁለት። አባቷ አቶ ደገፉ እሺም እምቢም አላሉም።

«ስለ ልጁ እናጣራ» አሉ። «የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ቤቱ መጥቼ ሥጋ እበላለሁ። መልሱን ያኔ ይሰማል።»

አቶ ደገፉ ጥሬ ሥጋ በሐኪም ተከልክለዋል። የቀረው ዝልዝል ጥብስ ነው። በከሰል ይሁን ወይስ በጋዝ? አሮን በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አጣ።

«በከሰል ጥበስና ገላግለን» አለው የሥራ ባልደረባው ማቲ።

«የከሰል ሙቀት አይታወቅም። አንዱ ጎን ሲያርር ሌላው ጥሬ ይቀራል። ጥሬ ካበላኋቸው ደግሞ ታመሙብኝ ማለት ነው።»

«እሺ፣ በጋዝ።»

«ጣዕም ባይኖረውስ?»

«ስማ፣ የምታገባው ልጅቷን ነው ወይስ ምድጃውን?»

አሮን ደብተር ገዛ። አራት ቅዳሜ ሊፈትን ወሰነ፤ አንዱን በከሰል፣ አንዱን በጋዝ፣ እያፈራረቀ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የከሰል ነበር። ማንደጃውን ጓሮ አውጥቶ አያያዘው፤ ጭሱ አጥር ተሻገረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ።

እማማ አባይነሽ ነበሩ። ግንቦት ላይ ለእግራቸው ሕክምና ከገጠር መጥተው ጎን ያለውን ክፍል የተከራዩ አሮጊት ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ የሞላ ብርጭቆ ይዘዋል።

«ዳጣ አለኝ፣ ልጄ» አሉ። «ሥጋ ነው የሌለኝ።»

አሮን ወንበር ከማቅረብ ሌላ ምን ያደርጋል? እማማ አባይነሽ የመጀመሪያውን ዝልዝል አንስተው ጆሯቸው ላይ አስጠጉ። ስቡ ሲንጣጣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ገና ነው» ብለው መለሱት።

ሁለተኛውን አዳምጠው ጎረሱት። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«እናትህ አለች?»

«አለች፤ ሻንቶ ነው የምትኖረው።»

«መቼ አየሃት?»

«ባለፈው እሑድ።»

«ትቆጣለህ?»

«ማን ላይ?»

«ማንም ላይ።»

አሮን ሊመልስ ሲል ሥጋው አርሮ አየው። አልተቆጣም። «4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ አርሯል» ብሎ ጻፈና ያላረረውን መርጦ ለእሳቸው ጨመረላቸው።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ስልክ ደወሉ። «ሦስት ጊዜ ጨመረልኝ!» ሲሉ ተሰማ። በልቶ መፎከር ምን የሚሉት ነው፣ አለ አሮን በልቡ። ከዘራቸውን ረስተው ስለነበር ይዞ ሮጠ፤ ግን አልደረሰባቸውም።

የጋዙ ቅዳሜ ሰላም ነበር። እሳቱ ልክ፣ ምጣዱ ልክ፣ ጭስ የለም፣ ጎረቤት የለም። አሮን ብቻውን በላና ብቻውን ጻፈ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰሉ ገና ሳይቀላ ዳጣው ደረሰ።

«ሚስትህ ብትታመም ማን ያበስላል?» አሉ እማማ አባይነሽ።

«ሚስት የለኝም፣ እማማ።»

«ብትኖርህ ነው የምልህ።»

«እኔ ነኛ።»

«እንዲህ እያሳረርክ?»

አራተኛው በጋዝ ሆነ፤ ማንም አልመጣም። ማታ ደብተሩን ሲደምር ይህን አገኘ፦ ከሰል፣ ጣዕም ዘጠኝ፣ ጎረቤት አንድ። ጋዝ፣ ጣዕም ሰባት፣ ጎረቤት ዜሮ።

ሐዋሳ ለምትሠራው ብሩክታይት ደወለ።

«አንዲት ጎረቤት አሉ፣ ጭስ ባዩ ቁጥር ከች ነው። የማይጠይቁት ነገር የለም። አባትሽ ፊት ስለ ደሞዜ ቢያነሱብኝስ?»

ብሩክታይት ሳል ሳል አላት።

«ብሩክቲ?»

«አለሁ። እኔን ከጠየቅከኝ ከሰሉ ይሻላል።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

አሮን ደብተሩን አየ። «እንዲሁ» የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረውም። ጋዝን መረጠ።

የቀጠሮው ቅዳሜ ደረሰ። አሮን ሲሊንደሩን ሁለት ጊዜ መዘነ፣ ሥጋውን እኩል እኩል ዘለዘለ፣ የግቢውን በር ቆለፈ። አቶ ደገፉ ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ሲቀር በሩ ተንኳኳ።

«ልጄ! አለህ? ዳጣ ይዣለሁ!»

እሳቱ ገና አልተለኮሰም፤ ታዲያ እንዴት አወቁ? አሮን ከማድቤቱ በር ጀርባ ተለጥፎ እስከ መቶ ሃያ ቆጠረ። ፈጣን እርምጃ ወደ ጎረቤት ሲመለስ ሰማ።

አቶ ደገፉ በሰዓታቸው መጡ። ረዥም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ዙሪያውን ቃኙ።

«ብቻህን ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጎረቤትስ?»

አሮን ይህን ጥያቄ በደንብ ተዘጋጅቶበታል።

«አንዲት አሮጊት አሉ። ጭስ ካላዩ አይመጡም። ዛሬ በጋዝ ስለሆነ አያስቸግሩንም።»

አቶ ደገፉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሥጋው ቀረበ፤ በሁለቱም በኩል እኩል ቀልቷል፣ አንድም ያረረ የለም። አንዱን ዝልዝል አነሱ። ጆሯቸው ላይ አስጠጉት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

አሮን ሳህኑን እንደያዘ ቀረ።

አቶ ደገፉ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። «ጥሩ ጥብስ ነው» አሉ።

«መልሱስ፣ ጋሼ?» አለ አሮን።

«መልሱማ እህቴ ጋ ነው» አሉ አቶ ደገፉ ጣታቸውን እየጠረጉ፤ «ግን አንተ እንዳልከው፣ ዛሬ በጋዝ ስለሆነ አትመጣም።»